ሁሉን እግዚአብሔር ከወሰነ እኔ የመረጥኩት የቱን ነው?

ማለዳ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄው አዲስ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ግን በጠየቅኩ ቁጥር የማገኘው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ምስጢር ነው፣ አትመራመር» ይለኛል። ሌላው አንድ ጥቅስ ወርውሮልኝ ይሄዳል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤፌሶን 1፥11 እግዚአብሔር ሁሉን እንደ ፈቃዱ ምክር ይሠራል ይላል። ሁሉን! ዘዳግም 30፥19 ደግሞ ሕይወትና ሞት በፊትህ ናቸው፣ ሕይወትን ምረጥ ይላል። የመጀመሪያው እውነት ከሆነ ሁለተኛው የይስሙላ አይሆንም ወይ? ፈርዖንን ተመልከቱ። ሙሴ ገና ግብፅ ሳይደርስ፣ ዘጸአት 4፥21 ላይ ልቡን አጸናዋለሁ ተባለ። ከዚያ ሕዝቡን አልለቅም በማለቱ ተቀጣ። ይሄ ፍርድ ነው?

እባካችሁ ረጋ ብላችሁ መልሱልኝ። ጭቅጭቅ አልፈልግም።

ቀጥተኛ

ያን ያህል አይከብድም። እግዚአብሔር አስቀድሞ ያውቃል፤ ማወቅ ግን ማስገደድ አይደለም። ሮሜ 8፥29 አስቀድሞ ያወቃቸውን አስቀድሞ ወሰነ ይላል። እውቀት ቀደመ፣ ውሳኔ ተከተለ። በ3ኛው ክፍለ ዘመን የእስክንድርያው መምህር አርጌንስም ይህንኑ ብሏል። አንድ ነገር የሚሆነው እግዚአብሔር ስላወቀው አይደለም፤ ስለሚሆን ነው እግዚአብሔር ያወቀው።

የፈርዖንንም ታሪክ በተርታ አንብበው። 8፥15 ላይ ልቡን ያደነደነው ራሱ ነው። 8፥32 ላይም ራሱ ነው። ተራኪው «እግዚአብሔር የፈርዖንን ልብ አጸና» ብሎ የሚጽፈው 9፥12 ላይ፣ ከስድስተኛው መቅሠፍት በኋላ ነው። ሰውየው አምስት ጊዜ በሩን ዘጋ። በስድስተኛው እግዚአብሔር «እሺ፣ እንዳልክ ይሁን» አለው። በቃ።

ብራና

ቀጥተኛ፣ ስለ ቅደም ተከተሉ ያልከው ልክ ነው። ብዙ ሰው አያስተውለውም። ግን ማለዳ የጠየቀችውን ዘለልከው። 4፥21 እና 7፥3 የተነገሩት ከመጀመሪያው መቅሠፍት በፊት ነው። እግዚአብሔር ፈርዖን ያደረገውን አይቶ አልተናገረም፤ ራሱ ሊያደርግ ያለውን ቀድሞ ተናገረ።

«ማወቅ ማስገደድ አይደለም» የሚለውም እውነት ነው፤ ግን ሩቅ አይወስድህም። እግዚአብሔር ተመልካች ብቻ ቢሆን ኖሮ በቂ መልስ ነበር። እሱ ግን ፈጣሪ ነው። ፈርዖን ምን እንደሚያደርግ እያወቀ ፈጠረው፣ ዙፋን ላይ አስቀመጠው፣ ሙሴን ላከበት። ስለዚህ «ቀድሞ ያውቃል» ስንል ጥያቄውን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ገፋነው እንጂ አልመለስነውም።

እኔ ከፈርዖን ይልቅ ኢሳይያስ 10ን ብታነቡ እላለሁ። አሦር የቁጣዬ በትር ነው ይላል እግዚአብሔር፤ እኔ ነኝ የላክሁት። ቁጥር 7 ላይ ግን አሦር እንዲህ አላሰበም፤ የእሱ ልብ ማጥፋትና መዝረፍ ብቻ ነው የሚፈልገው። ቁጥር 12 ላይ ደግሞ ሥራዬን ስጨርስ የዚያን ንጉሥ ትዕቢት እቀጣለሁ ይላል። አንድ ጦርነት ነው፤ ሁለት አሳቢዎች አሉት። አንዱ ለፍርድ አሰበ፣ ሌላው ለዘረፋ። አሦር የተቀጣው እግዚአብሔር ባሰበው አይደለም፤ ራሱ ባሰበው ነው። ዮሴፍም ዘፍጥረት 50፥20 ላይ ለወንድሞቹ የሚነግራቸው ይህንኑ ነው። እናንተ ክፉ አሰባችሁ፣ እግዚአብሔር ለመልካም አሰበው። ልብ በሉ፣ «እናንተ ክፉ አደረጋችሁ፣ እግዚአብሔር በኋላ አስተካከለው» አላለም።

ማለዳ

ብራና አመሰግናለሁ። ይሄኛው ከእስከ ዛሬው ሁሉ የተሻለ ነው። ግን አሁንም አሦር ያንን የዘረፋ ሐሳብ ከየት አመጣው የሚለው አልለቀቀኝም።

ጽናጽል

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እኔ ኦርቶዶክስ ነኝ። እኛ ዘንድ ወሬው ከዚህ አይጀምርም። ከፈርዖን ጀምራችሁ ስለ ሰው ነጻነት ብትነጋገሩ መጨረሻችሁ እንዲህ መሆኑ አይቀርም። ለምን ከጤነኛ ሰው አንጀምርም?

ሲራክ 15 እግዚአብሔር ሰውን ሲፈጥር ለራሱ ፈቃድ እንደ ተወው ይናገራል። እሳትና ውኃ አቀረበልህ፣ እጅህን ወደ ወደድከው ዘርጋ ይለዋል። ሉቃስ 1 ላይ ደግሞ ከዓለም በፊት የታሰበው ምክር በአንዲት ድንግል ቤት ቆሞ መልስ ሲጠብቅ እናያለን። «እንደ ቃልህ ይሁንልኝ» እስክትል ድረስ መልአኩ አልሄደም። እግዚአብሔር ሥጋ ሊለብስ የመጣው ተጋፍቶ አይደለም። ጸጋ ይቀድማል፣ ፈቃድ ይከተላል፣ ሁለቱ አብረው ይሠራሉ። ዮሐንስ አፈወርቅ ሲሰብክ ምእመኑን «በእጃችሁ ነው» እያለ ነው የሚያነቃቸው። ጸጋን ክዶ አይደለም፤ ሰነፍ ምክንያት እንዳያገኝ ብሎ ነው።

ብራና

እህቴ ጽናጽል፣ ሉቃስ 1ን ስላነሳሽው ደስ ብሎኛል። ግን ቁጥር 31ን እይው። መልአኩ «ትፀንሻለሽ» ነው ያላት። «ብትፈቅጂ» አላለም። የተናገረው ደግሞ እሷ መልስ ከመስጠቷ በፊት ነው።

እዚያው ምዕራፍ ላይ ዘካርያስም አለ። ያው ገብርኤል «ሚስትህ ወንድ ልጅ ትወልዳለች» አለው። ዘካርያስ አላመነም። ታዲያ ምን ሆነ? ድዳ ሆነ፤ ልጁ ግን ተወለደ። ሰውየው አምኖ አልተቀበለውም፤ ነገሩ ግን አልቀረም።

ጽናጽል

ጥሩ ንባብ ነው። ግን ራስህ ባነሳኸው ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ዘካርያስ ላለማመኑ ተቀጣ። እሷ ስላመነች ብፅዕት ተባለች፤ ኤልሳቤጥ ቁጥር 45 ላይ ያመሰገነቻት ለዚሁ ነው። መልሳቸው ከንቱ ቢሆን ኖሮ አንዱ ባልተቀጣ፣ ሌላዋ ባልተመሰገነች። እኔም «እሺ» ባትል እግዚአብሔር መላ ያጣ ነበር አላልኩም። «እሺ» ማለቷ የእሷ ነው፣ የምር ነው ነው ያልኩት።

ብራና

በዚህ አልለይሽም።

ሦስተኛው በር

ሁላችሁም ከሁለት አንዱን ምረጡ እያላችሁ ነው። እግዚአብሔር ወይ ወስኖ ያውቃል፣ ወይ አይቶ ያውቃል። ሦስተኛ መንገድ አለ።

ሉዊስ ዴ ሞሊና የሚባል ስፔናዊ ኢየሱሳዊ (ጄስዊት የሚባለው የካቶሊክ ማኅበር አባል) በ1588 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አንድ ሐሳብ አሳተመ። እግዚአብሔር የሚሆነውን ብቻ ሳይሆን ሊሆን ይችል የነበረውንም ያውቃል፤ እያንዳንዱ ሰው በየትኛው ሁኔታ ውስጥ ቢገባ በነጻነት ምን እንደሚመርጥ ያውቃል። ይህን እያወቀ ነው የትኛውን ዓለም እንደሚፈጥር የሚወስነው። ስለዚህ ዓለሙን በሙሉ እሱ ወሰነ፤ በዓለሙ ውስጥ የሚመርጠው ግን ሰው ነው።

የመጽሐፍ ቅዱስ ማስረጃ ካላችሁ፣ 1ኛ ሳሙኤል 23። ዳዊት ቅዒላ ከተማ ውስጥ ሆኖ ይጠይቃል። ሳኦል ይወርዳል? አዎ። የቅዒላ ሰዎች አሳልፈው ይሰጡኛል? አዎ። ዳዊት ይህን ሰምቶ ሰዎቹን ይዞ ወጣ። ሳኦል አልመጣም፣ ማንም አሳልፎ አልሰጠውም። እግዚአብሔር የነገረው እውነት ነበር፤ ያ ነገር ግን አልሆነም። «ቢሆን ኖሮ» የሚባለውን ያውቃል ማለት ነው። ማቴዎስ 11፥21 ላይ ጌታ ስለ ጢሮስና ሲዶና የተናገረውም እንዲሁ ነው።

ቀጥተኛ

ወድጄዋለሁ 👏

ብራና

ብልህ ሐሳብ መሆኑን አልክድም። አንድ ጥያቄ ግን አለኝ። «አቶ እገሌ በዚህ ሁኔታ ቢገባ ይክዳል» የሚለው እውነት የሆነው በምን ምክንያት ነው? ሰውየው ገና አልተፈጠረም። እግዚአብሔርም አልወሰነውም ብለሃል። ታዲያ ከሰውየውም ከእግዚአብሔርም ውጭ የሆነ፣ እግዚአብሔር ሊቀይረው የማይችለው፣ ተጽፎ የተቀመጠ ነገር አለ ልትለኝ ነው?

ደግሞ ማለዳ የጠየቀችው አልተመለሰም። ፈርዖን እንደሚያምፅ እያወቀ ያንኑ ዓለም ከመረጠ «ለምን ያንን መረጠ?» የሚለው አሁንም ወደ እግዚአብሔር ይሄዳል።

ሦስተኛው በር

የመጀመሪያው ከባድ መሆኑን አምናለሁ። ሁለተኛው ግን የሁላችንም ዕዳ ነው፤ ያንተም ጭምር። ቢያንስ በእኔ ሒሳብ እግዚአብሔር ኃጢአቱን አልወሰነም፤ ፈቀደው።

ባለ ማስታወሻ

የታሪክ ነገር ስለምወድ ትንሽ ጣልቃ ልግባ። ረዘም ይላል፣ የሰለቸው ይዝለለው።

ክርክሩ የጦፈው በአንድ ጸሎት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ «ኑዛዜ» በሚባለው መጽሐፉ ውስጥ «ያዘዝከውን ስጥ፣ የወደድከውንም እዘዝ» ብሎ ጸለየ። ጴላግዮስ የሚባል መምህር ሮም ውስጥ ይህ ሲነበብ ሰምቶ መታገስ አልቻለም፤ ይህን የሚነግረን አውግስጢኖስ ራሱ ነው። የጴላግዮስ ክርክር ዛሬም ሰው ሁሉ የሚለው ነው። እግዚአብሔር ያዘዘኝ ብችል ነው፤ የማልችለውን አዝዞ አይፈርድብኝም። የካርታጎ ጉባኤ በ418 ትምህርቱን አወገዘ። በ431 የኤፌሶን ጉባኤም ተከታዮቹን አውግዟል።

ሰዎች የሚረሱት ቀጥሎ የሆነውን ነው። አውግስጢኖስ አሸነፈ ማለት ያለው ሁሉ ተቀባይነት አገኘ ማለት አይደለም። የደቡብ ጋሊያ (የዛሬዋ ፈረንሳይ) መነኮሳት፣ በተለይ ዮሐንስ ካስያን፣ «ይሄ ነገር ሰውን ያሰንፋል» ብለው ሰጉ። ክርክሩ መቶ ዓመት ገደማ ቆየ። በ529 በኦራንዥ የተሰበሰቡት ጳጳሳት ጸጋ ከሰው መጀመሪያ ፍላጎት እንኳ ይቀድማል ብለው ወሰኑ። እዚያው ላይ ግን እግዚአብሔር አንዳንዱን ለክፋት ወስኖታል የሚል ካለ የተወገዘ ይሁን አሉ። አንዱን አጥብቀው ያዙ፣ ሌላውን አጥብቀው ከለከሉ። መካከሉ እንዴት እንደሚገጥም አላብራሩም።

ሞሊና የተነሳበትም ጊዜ እንዲሁ ነው። ዶሚኒካኖቹ (ሌላው የካቶሊክ ማኅበር) ኢየሱሳውያኑን «ጴላግዮሳውያን» አሏቸው፤ ኢየሱሳውያኑ ደግሞ እነዚያን «ካልቪናውያን» አሏቸው፤ ሁሉን እግዚአብሔር ወስኗል የሚለው የፕሮቴስታንቱ የካልቪን ተከታዮች ማለት ነው። ጉዳዩ ሮም ድረስ ሄዶ ዓመታት ተከራከሩበት። በ1607 ጳጳስ ጳውሎስ 5ኛ ሁለቱንም ወደ ቤታቸው ሰደዳቸው። አትወጋገዙ፣ ውሳኔ በጊዜው ይሰጣል አለ። እስከ ዛሬ አልተሰጠም። (እውነቱን ለመናገር ከሰማኋቸው የቤተ ክህነት ውሳኔዎች እንደዚህ የማደንቀው የለም።)

በፕሮቴስታንቱ በኩል ሉተር በ1525 ለነጻ ፈቃድ ለተከራከረው ለኤራስመስ መልስ አድርጎ የጻፈውን ሁሉም ያውቀዋል፤ የሰው ፈቃድ ባሪያ ነው ብሎታል። የካልቪናውያንን የቅድመ ውሳኔ ትምህርት የተቃወመው ሆላንዳዊ መምህር አርሚንዮስ ከሞተ በኋላ ተከታዮቹ በ1610 ሐሳቡን በአምስት አንቀጽ አቀረቡ። በሆላንድ የዶርት ሲኖዶስም በ1618 እና 1619 ተሰብስቦ አልተቀበላቸውም። ካልቪናውያንን «ሰውን አሻንጉሊት ያደርጋሉ» የምትሉ ግን የ1646ቱን የዌስትሚንስተር እምነት መግለጫ 3ኛ ምዕራፍ አንብቡ። እግዚአብሔር የሚሆነውን ሁሉ ወሰነ ይላል። ወዲያው ግን የኃጢአት ምንጭ አይደለም፣ የፍጡራንም ፈቃድ አይጣስም ብሎ ያስከትላል።

ቀጥተኛ

«አይጣስም» ብሎ መጻፍ ቀላል ነው። እንዴት እንደማይጣስ ማሳየት ነው ሥራው።

ማለዳ

እኔም ልጠይቅ የነበረው ይህንኑ ነው። ብራና፣ እግዚአብሔር እንደምመርጥ ወስኖ እያለ እኔ ነጻ ነኝ የምትለው በምን ትርጉም ነው?

ብራና

ጥሩ ጥያቄ። «ነጻ» ስንል ሁለት የተለያየ ነገር እያልን ነው የምንጣላው።

ፈላስፋው ጆን ሎክ አንድ ምሳሌ አለው። አንድ ሰው ተኝቶ እያለ ተሸክመው ወደ አንድ ክፍል አስገቡት። ክፍሉ ውስጥ ሲናፍቀው የኖረ ወዳጁ አለ። በሩን ከውጭ ቆለፉት። ሰውየው ነቃ፣ ወዳጁን አየ፣ ደስ አለው፣ ሲጫወቱ አመሹ። መውጣት አይችልም፤ መውጣትም አልፈለገም። እዚያ የቆየው ወዶ ነው።

እኔ ነጻነት የምለው ይህን ነው። የማደርገው የራሴ ፍላጎት ነው፤ ማንም እጄን አልጠመዘዘም። አሜሪካዊው ሰባኪ ጆናታን ኤድዋርድስ በ1754 ባሳተመው መጽሐፍ ሁለት ዓይነት አለመቻልን ይለያል። እግሩ የተሰበረ ሰው መሮጥ አይችልም፤ ይህ አያስወቅሰውም። ጠላቱን ይቅር ማለት «የማይችል» ሰው ግን ያቃተው ስለማይፈልግ ነው። የሁለተኛው አለመቻል ጥፋቱን አያቀልለትም፤ እንዲያውም ጥፋቱ ራሱ እሱ ነው። አሦር መዝረፍን የተማረው ከእግዚአብሔር አይደለም። ወድዶት ነው የዘረፈው።

ቀጥተኛ

ብራና፣ ሎክን ከጠቀስክ እስከ መጨረሻው ጥቀሰው። ሎክ ራሱ የደመደመው «ሰውየው የቆየው ወዶ ነው፣ መሄድ ስለማይችል ግን ነጻ አይደለም» ብሎ ነው። ምሳሌው ለእኔ ነው የሚመሰክረው!

ደግሞ አሦር ወድዶት ነው አልክ። ያንን መውደድ ማን ሰጠው? አንተ እንደምትለው ከሆነ ክፍሉን ብቻ ሳይሆን የሰውየውን ፍላጎትም የወሰነው በሩን የቆለፈው ነው። እንደዚያ ከሆነ «ፍላጎትህ ነው» ተብዬ መቀጣቴ ምን ያጽናናኛል? ማቴዎስ 23፥37 ላይ ጌታ ኢየሩሳሌምን አይቶ «ስንት ጊዜ ወደድሁ፣ አልወደዳችሁምም» ይላል። እምቢታቸውን ራሱ ወስኖት ከሆነ ይህን ያለው ለምንድን ነው?

ብራና

ስለ ሎክ ልክ ነህ። እኔ የወሰድኩት ምሳሌውን ነው፣ መደምደሚያውን አይደለም። «ወዶ» ማለት ለተጠያቂነት በቂ ነው ባይ ነኝ፤ አንተ አይበቃም ትላለህ። ልዩነታችን እዚህች ጋ ነው፤ ቢያንስ ቦታው ታወቀ።

ክፉው ፍላጎት ከየት መጣ ለሚለው ግን መልስ የለኝም። በመጀመሪያ ሁሉ መልካም ነበር፤ ከዚያ ፍጡር ጀርባውን ሰጠ። እንዴት? አላውቅም። አንተም ግን ታውቃለህ አልልም። ነጻ ምርጫ ነው ትለኛለህ። አንዱ አምኖ ሌላው ለምን ካደ ስልህ ደግሞ «መረጠ» ከማለት በቀር ምን ትጨምራለህ? ይሁዳና ጴጥሮስ አንድ ማዕድ ላይ ነበሩ።

ቀጥተኛ

«መረጠ» ራሱ መልስ ነው። ከሱ በላይ ምክንያት ከፈለግክማ ምርጫ መሆኑ ቀረ።

ባዶ ወረቀት

ለምን ዙሪያ ጥምጥም እንሄዳለን? ሕዝቅያስ ታመመ። ኢሳይያስ መጥቶ «ትሞታለህና ቤትህን አሰናዳ» አለው። ንጉሡ ፊቱን ወደ ግድግዳው መልሶ አለቀሰ። ነቢዩ ገና ከግቢው ሳይወጣ ተመለስ ተባለ፤ 15 ዓመት ተጨመረ (2ኛ ነገሥት 20)። የመጪው ዘመን ገጽ ባዶ ነው፤ እግዚአብሔርም ከእኛ ጋር ይጽፈዋል። ጸሎት ትርጉም የሚኖረው እንዲህ ሲሆን ብቻ ነው።

ጽናጽል

ወንድሜ፣ ይህ ሩቅ ነው የሚወስድህ። እግዚአብሔር ነገን የማያውቅ ከሆነ ትንቢት ግምት ሊሆን ነው። 1ኛ ሳሙኤል 15ን አንብብ። ቁጥር 11 ላይ ሳኦልን በማንገሤ ተጸጸትሁ ይላል። ቁጥር 29 ላይ እንደ ሰው የሚጸጸት አይደለም ይላል። ጸሐፊው አሥራ ስምንት ቁጥር ሳይሞላ የጻፈውን አልረሳም። አንዱ በእኛ በኩል የሚታየው ነው፤ ሌላው እሱ ራሱ ማን እንደሆነ ይነግረናል።

ብራና

ኤርምያስ 18ንም ጨምርበት። ስለ አንድ ሕዝብ አጠፋዋለሁ ብዬ ብናገር፣ እነሱም ቢመለሱ፣ እኔም እተወዋለሁ ይላል። ማስጠንቀቂያው ውስጥ «ብትመለሱ» አለ፤ አፍ አውጥቶ ባይነገርም። ነነዌ ላይም «ብትመለሱ» አልተባለም፤ ንጉሡ ግን ገባው። ሕዝቅያስም እንዲያለቅስ ነው የተነገረው።

ዝምተኛዋ

አብዛኛውን ጊዜ አንብቤ ነው የምወጣው። ዛሬ ግን አንድ ነገር ልበል።

ልጄን ያጣሁ ጊዜ አንድ አገልጋይ መጥቶ «የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው፣ አታልቅሺ» አለኝ። በማግስቱ ሌላው መጣና «ይህ የእግዚአብሔር ፈቃድ አልነበረም፣ እሱም አዝኗል» አለኝ። ሁለቱም በቅን ልብ ነው የተናገሩት። የመጀመሪያው ልቅሶዬን ከለከለኝ። ሁለተኛው ደግሞ ሌሊቱን አስፈሪ አደረገብኝ፤ ከእግዚአብሔር እጅ ያመለጠ ነገር ልጄን ወሰደብኝ ማለት ነውና።

ያቆመኝ ዮሐንስ 11 ነው። ጌታ አልዓዛር እንደታመመ ሰምቶ ሆን ብሎ ሁለት ቀን ቆየ። ሊያስነሣውም እንደሚሄድ ተናግሯል። ግን መቃብሩ ጋ ሲደርስ አለቀሰ። መጨረሻውን የሚያውቀው፣ ዘግይቶም የመጣው እሱ ራሱ ነው ያለቀሰው። ይህ የእናንተን ክርክር ይፈታ እንደሆነ አላውቅም። እኔ ግን ከዚያ በኋላ «ፈቃዱ ነው» ለማለትም ለማልቀስም አልፈራሁም።

ብራና

እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ከእኛ ብዙ ወሬ ይህ ይበልጣል።

ቀጥተኛ

ነፍሱን ይማር። ስለጻፍሽልን አመሰግናለሁ።

አወያይ

ሁላችሁንም ስለ ጨዋነታችሁ አመሰግናለሁ። ከርዕሱ ውጭ የሆኑ ሁለት አስተያየቶችን አንስቻለሁ። ስለ ሕፃናት ጥምቀት መከራከር የምትፈልጉ ሌላ ክር ክፈቱ።

ማለዳ

ዝምተኛዋ፣ ስላካፈልሽን አመሰግናለሁ። ደግሜ ደጋግሜ አነበብኩት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ፤ የዕለት ኑሮን የሚመለከት ነው። የሚድነው ከተወሰነ መስበክ ለምን? የሚሆነው ከተወሰነ መድኃኒት መዋጥ ለምን? ይህን የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። መልስ አጥቼ ዝም እላለሁ።

ባለ ማስታወሻ

ለጓደኞችሽ ሐዋርያት ሥራ 27ን አንብቢላቸው። እስረኛው ጳውሎስ ማዕበል ውስጥ ነው። ቁጥር 22 ላይ ከመካከላችሁ አንድ ነፍስ አትጠፋም ይላል። መልአክ ነግሮታል፤ ያለቀለት ነው። መርከቡ ላይ 276 ሰው አለ።

ከዚያ መርከበኞቹ መልሕቅ የሚጥሉ መስለው ጀልባዋን አወረዱ፤ ሊሸሹ ነው። ጳውሎስ አየ። «ግድ የለም፣ እግዚአብሔር ተናግሯል» ብሎ ተኛ? የለም! ለመቶ አለቃው «እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ ልትድኑ አትችሉም» አለ። ወታደሮቹ ወዲያው ገመዱን ቆርጠው ጀልባዋን ለቀቁ። ያው ሰው፣ በዚያው ማዕበል፣ «ማንም አይጠፋም» እና «እነዚህ ከሄዱ ትጠፋላችሁ» አለ። ሁለቱም የምር ናቸው። የተወሰነው መዳናቸው ብቻ አይደለም፤ ጳውሎስ መጮሁም፣ ገመዱ መቆረጡም የሚድኑበት መንገድ ነው።

መድኃኒትም ስብከትም እንዲሁ ነው። «ከተወሰነ ለምን እደክማለሁ» የሚል ሰው እግዚአብሔር መጨረሻውን ብቻ ወስኖ መንገዱን የረሳ አድርጎ ነው የሚያስበው።

ቀጥተኛ

አሪፍ ነው፤ ይህን እኔም እሰብከዋለሁ። ግን ልብ በሉ፣ የመቶ አለቃው ጳውሎስን ላይሰማው ይችል ነበር። ከዚያ በፊት ቁጥር 11 ላይ አልሰማውም፤ ከጳውሎስ ይልቅ የመርከቡን መሪና ባለቤት ነው ያመነው።

ባለ ማስታወሻ

ይችል ነበር። ኋላ ግን ሰማው። «ይችል ነበር» የሚለውን ካልቪናዊውም ሞሊናዊውም በየራሱ ይተረጉመዋል፤ የጳውሎስ ጩኸት ግን አስፈላጊ እንደነበር ሁሉም ይስማማል።

አንድ ታሪክ ጨምሬ እወጣለሁ። የእንግሊዝ ሰባኪዎቹ ጆን ዌስሊና ጆርጅ ኋይትፊልድ በዚሁ ጉዳይ ተጋጭተዋል። ዌስሊ በ1739 ቅድመ ውሳኔን አጥብቆ የሚነቅፍ ስብከት ሰበከ፤ ኋይትፊልድ በደብዳቤ መለሰለት፤ ተለያዩ። ኋላ ታረቁ፤ በሐሳብ ግን አልተስማሙም። ኋይትፊልድ በ1770 ሲሞት የመታሰቢያ ስብከቱን የሰበከው ዌስሊ ነው። ሟቹ ራሱ እንዲሁ እንዲሆን ጠይቆ ነበር።

ሦስተኛው በር

ማንም ሮሜ 9ን በቅጡ አለማንሳቱ ገርሞኛል። «አንተ ሰው ሆይ፣ ለእግዚአብሔር የምትመልስ ማን ነህ?» ተብሎ እያለ ይህን ሁሉ መጻፋችን ራሱ አያስቅም?

ብራና

አነሳዋለሁ ብዬ እየፈራሁ ነበር፤ ያ ምዕራፍ ከተነሳ ክሩ አያልቅም። ለእኔ ግን ዋናው ነጥብ ያ ጥያቄ መነሳቱ ነው። ቁጥር 19 ላይ «ስለ ምን እስከ አሁን ድረስ ይነቅፋል? ፈቃዱን የሚቃወም ማን ነው?» የሚል ተቃዋሚ ይመጣል። ጳውሎስ የሚያስተምረው የእናንተን ቢሆን ኖሮ ይህ ተቃውሞ አይነሳም ነበር። «ተሳስተሃል፣ ሰው ነው የሚመርጠው» ብሎ በአንድ መስመር ይመልስለት ነበር። እንደዚያ አላለም።

ጽናጽል

ብራና፣ በጣም ጠንካራ ነጥብ ነው። ግን ሰው ሁሉ ሮሜ 9ን ይጠቅስና ወይ እዚያው ይቀራል፣ ወይ ዘሎ 11 ላይ ይወርዳል። መካከል ላይ 10 አለ። አንድ ደብዳቤ ነው፤ ጳውሎስ ብዕሩን ሳያስቀምጥ ነው የጻፈው።

ምዕራፍ 9 በሸክላ ሠሪው እጅ ስላለው ጭቃ ይናገራል። 10፥1 ላይ ያው ጳውሎስ ለእስራኤል መዳን ይጸልያል። ጉዳዩ ተዘግቷል ብሎ ቢያምን ኖሮ ባልጸለየ። ቁጥር 13 ላይ የጌታን ስም የሚጠራ ሁሉ ይድናል ይላል። ቁጥር 14 ላይ ያለ ሰባኪ እንዴት ይሰማሉ ይላል። የምዕራፉ መጨረሻ ደግሞ ቀጥተኛ ካነሳው ከኢየሩሳሌም ልቅሶ ጋር አንድ ነው፤ ቀኑን ሁሉ ወደማይታዘዝና ወደሚቃወም ሕዝብ እጆቼን ዘረጋሁ ይላል እግዚአብሔር።

ማለዳ፣ ካነበብሽ ሦስቱንም ምዕራፎች በአንድ ቁጭታ፣ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ አንብቢያቸው። ከዚያ ተመልሰሽ የትኛው ቁጥር ላይ እንደቆምሽ ንገሪን።

ማለዳ

እሺ። ዛሬ ማታ አነባቸዋለሁ። ብራና፣ አንተ ግን 10፥21ን እንዴት እንደምታነበው ጻፍልኝ።

ብራና

እንደ ተጻፈው ነው የማነበው። የዘረጋው እጅ የምር ነው፣ እምቢታውም የምር ነው። ከ9፥19 ጋር እንዴት እንደሚገጥም ነገ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ። ቀጥተኛ ቀድሞኝ ካልጻፈ።